በሳምንት ስንቴ ልጻፍ? መልሱን መጥፎ ሳምንታችሁ ያውቀዋል

የቴሌግራም ቻናሌን የከፈትኩ ሰሞን «በየቀኑ አንድ ጽሑፍ!» ብዬ ለጠፍኩ። የምጽፈው ስለ አዲስ አበባ የድሮ ሰፈሮች ነው። ስሙ ከየት መጣ፣ መጀመሪያ ማን ሰፈረበት፣ የፈረሰው ቤት የማን ነበር፣ እንዲህ እንዲህ ያለውን። በየቀኑ ጻፍ ብሎ የለመነኝ ሰው አልነበረም። አፌን የከፈትኩት ራሴ ነኝ።

19 ቀን ሄድኩ። በ20ኛው ቀን ሰፈር ውስጥ ለቅሶ ነበረና ድንኳን ውስጥ አመሸሁ። በ21ኛው መብራት ጠፋ። በ22ኛው መብራቱ መጣ፣ እኔ ግን አልመጣሁም። ሁለት ወር ጠፍቼ ስመለስ «አለህ እንዴ?» ያለኝ አንድ ሰው ብቻ ነው። እሱም አጎቴ ነው።

አሁን በሁለት ሳምንት አንድ ጽሑፍ አወጣለሁ። ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። እዚህ ቁጥር ላይ እንዴት እንደደረስኩ በቅደም ተከተል ልንገራችሁ። ቴሌግራም ላይ ጻፉ፣ ፌስቡክ ገጽ ላይ ጻፉ፣ የራሳችሁ ብሎግ ላይ ጻፉ፣ ስሌቱ ያው ነው። ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ። በስልክ አይሁን፤ ስልኩን ስትከፍቱ ሌላ ነገር ውስጥ ትገባላችሁ።

1. አንድ ጽሑፍ ስንት ሰዓት ይበላል?

ከሁሉ በፊት ይህን እወቁ። በግምት ሳይሆን በሰዓት። ሰው «አንድ ጽሑፍ ስንት ሰዓት ይፈጅብሃል?» ሲባል የሚቆጥረው ፊደል የሚመታበትን ጊዜ ብቻ ነው። የቀረውን ሁሉ ይረሳዋል።

የሚቀጥሉትን ሦስት ጽሑፎች ስትጽፉ የጀመራችሁበትንና ያቆማችሁበትን ሰዓት መዝግቡ። በሩ ተንኳኩቶ ከተነሳችሁ እሱን ቀንሱ። ሦስቱን ደምሩና ለሦስት አካፍሉ። የእኔ እንዲህ ወጣ፦

- ማንበብና የሚያውቅ ሰው ማነጋገር፦ 2 ሰዓት ተኩል
- መጻፍ፦ 2 ሰዓት
- በማግስቱ ማረም፦ 50 ደቂቃ
- ፎቶ መፈለግና ባለቤቱን ማስፈቀድ፦ 40 ደቂቃ
- መለጠፍና የመጀመሪያዎቹን ጥያቄዎች መመለስ፦ 30 ደቂቃ

ድምሩ 6 ሰዓት ተኩል ነው። በየቀኑ ቢሆን በሳምንት 45 ሰዓት ተኩል ማለት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ለመደበኛ ሥራ ያስቀመጠው ጣሪያ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። ለካ ያኔ ለራሴ ሁለተኛ ቋሚ ሥራ ቀጥሬ ነበር፣ ያውም ያለ ደመወዝ።

ታዲያ እንዴት 19 ቀን ቻልክ ካላችሁኝ፣ አልቻልኩም። መጨረሻ አካባቢ የሰማሁትን ሳላጣራ ነበር የምለጥፈው። አንድ በዕድሜ የገፉ አንባቢ «ልጄ፣ ይህ ቤት እኮ ወንዙን ተሻግሮ ነው ያለው» ብለው አረሙኝ። ልክ ነበሩ። ድግግሞሹ ከአቅም በላይ ሲሆን መጀመሪያ የሚቀነሰው የማረሚያው ሰዓት ነው። ጽሑፉ መውጣቱን ስለሚቀጥል ችግሩ ለጸሐፊው ቶሎ አይታየውም። አንባቢው ግን ያየዋል።

2. መጥፎ ሳምንታችሁን ፈልጉ

አብዛኛው ሰው ዕቅድ የሚያወጣው እሑድ ማታ፣ ቡና ጠጥቶ፣ ደህና ስሜት ላይ ሆኖ ነው። በዚያ ሰዓት ሳምንቱ ሰፊ ይመስላል። ማክሰኞ ስትደርሱ ግን ትራንስፖርት አለ፣ ልጅ ታሟል፣ ዘመድ ከክፍለ ሀገር መጥቷል፣ የወር መጨረሻ ነውና ቢሮ ውስጥ ሪፖርት ይጠበቃል።

ስለዚህ ወደ ኋላ ሂዱ። ያለፉትን አራት ሳምንታት አስታውሱና በእያንዳንዱ ለጽሑፍ ስንት ሰዓት ማግኘት ትችሉ እንደነበር ጻፉ። ሰርጉም ለቅሶውም የጠፋው መብራትም ይቆጠር። ከአራቱ ትንሹን ምረጡ። አማካዩን አይደለም፣ ትንሹን። የእኔ ጥሩ ሳምንት 9 ሰዓት ነበረው። መጥፎው 3 ሰዓት ተኩል።

አሁን ይህን ትንሹን ቁጥር ለአንድ ጽሑፍ በሚፈጀው ሰዓት አካፍሉት። እኔ 3 ተኩልን ለ6 ተኩል ሳካፍል ከግማሽ ትንሽ ከፍ ያለ ነው የመጣው። ይኸውላችሁ፣ በሁለት ሳምንት አንድ። አንድ ተማሪ በመጥፎ ሳምንቱ 5 ሰዓት ካለውና አንዱን ጽሑፍ በ2 ሰዓት ከጨረሰ፣ በሳምንት ሁለት ይችላል፤ አንድ ሰዓትም ይተርፈዋል። ባሕረ ሰላጤው አገር ተቀጥራ የምትሠራ፣ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የምታርፍ እህት ከዚያ ቀን ላይ አንድ ሰዓት ብትቆርጥና ጽሑፏ 4 ሰዓት ቢፈጅ፣ በወር አንዴ ነው። በወር አንዴ ደግሞ ምንም ነውር የለበትም። የጽዋ ማኅበርስ የሚጠጣው በወር አንዴ አይደል? ማንም ቀኑን ረስቶ አያውቅም።

በጥሩው ሳምንት የሚተርፈው ሰዓትስ? ወደ ጎተራ ይገባል። ሰፈሩን ማለቴ አይደለም፣ የእህሉን። እመለስበታለሁ።

3. የምትጽፉት እንጀራ ነው ወይስ ድርቆሽ?

ክፍፍሉ አቅማችሁን ነገራችሁ። አሁን ደግሞ የምትጽፉት ነገር ራሱ ምን እንደሚፈልግ ተመልከቱ። አንዳንዱ ጽሑፍ እንጀራ ነው። ዛሬ ካልተበላ ከሦስት ቀን በኋላ ይሻግታል። አንዳንዱ ድርቆሽ ነው። ዓመት ቢቀመጥም ውሃ ነካ አድርጎ የሚበላው አያጣም።

ስለ ውጭ ምንዛሪ የምትጽፉ ከሆነ እንጀራ ጋጋሪ ናችሁ። ሐምሌ 2016 ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የባንኮች ተመን እየተቀያየረ ነው። የማክሰኞውን ተመን አርብ ብታወጡት ቀልድ ነው። የኳስ ትንታኔም እንዲሁ፤ የእሑዱ ጨዋታ ሐሙስ ላይ ቀዝቅዟል። እንዲህ ያለውን ይዛችሁ አቅማችሁ በሳምንት አንድ ከሆነ ሁለት መውጫ አለ። አንደኛው ጽሑፉን ማሳጠር ነው፦ አምስት መስመር፣ ያለ መግቢያ፣ ያለ ፎቶ። ሁለተኛው ሰው መጨመር ነው። ሦስት ጓደኛሞች እንደ ዕቁብ ተራ ይዛችሁ ብትጽፉ አንዳችሁ በሳምንት አንዴ ጽፋችሁ ቻናሉ በሳምንት ሦስት ጊዜ ያወጣል። እንደ ዕቁቡ ግን ዳኛ ያስፈልገዋል። ተራው የደረሰው ሰው ሲጠፋ የሚደውል።

ድርቆሽ ለሚጽፍ ሰው ጥድፊያ የለበትም። ስለ አንድ ሰፈር ስም አመጣጥ ዛሬ ብጽፍ፣ የዛሬ ሁለት ዓመት ፈልጎ የሚያገኘው ሰው አለ። ለእንዲህ ያለው ጽሑፍ ከብዛት ይልቅ ማጣራት ይከፍላል።

ሦስተኛ ዓይነት አለ፣ ብዙ ሰው የሚስተው እሱን ነው። ወቅት ጠብቆ የሚፈለግ ጽሑፍ። እህቴ የባህላዊ ምግብ አሠራር ትጽፋለች። መጀመሪያ በሳምንት ሁለት፣ ዓመቱን ሙሉ እኩል ታወጣ ነበር። አንድ ዓመት ስለ ስልጆ ያወጣችው ዐቢይ ጾም ከገባ በኋላ ነው። ስልጆ ደግሞ ጎምዝዞ ለመድረስ ቀናት ይፈልጋል። ሰዉ «ምነው ቀደም ብለሽ ብትነግሪን!» አላት። ጠላም እንደዚያው ነው። የጥንስስ አሠራር በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ቢለጠፍ ማን ደርሶበት ይጠምቃል?

ከዚያ በኋላ ድግግሞሹን በቀን መቁጠሪያ ከፈለችው። ለእያንዳንዱ በዓልና ጾም አንባቢዋ ለዝግጅት ስንት ቀን እንደሚፈልግ ትጽፋለች። በዚያ ላይ ገበያ የሚወጣበትን ሁለት ሦስት ቀን ትጨምራለች። ከዕለቱ ወደ ኋላ ቆጥራ የመለጠፊያውን ቀን ታገኛለች። ከሑዳዴ በፊት ባሉት ሦስት ሳምንታት በሳምንት ሦስት ታወጣለች። ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሳምንታት አንድ ብቻ፣ አንዳንዴም ምንም። በዓመት የምትጽፈው ቁጥር አልጨመረም፣ እንዲያውም ቀንሷል። ወደ ሌላ ሰው የሚላከው ግን በዛ።

የእናንተም ርዕስ ወቅት ካለው (የትምህርት ምዝገባ፣ የግብር ሰሞን፣ የክረምት እርሻ፣ የሰርግ ወራት) «በሳምንት ስንት?» የሚለውን ጥያቄ ተዉት። «በየትኛው ወር ስንት?» በሉ።

4. ጎተራውን ሙሉ

አራት ያለቁ ጽሑፎች ሳይኖሯችሁ ምንም ነገር ለማንም እንዳታውጁ። ያለቁ ስል የታረሙ፣ ፎቷቸው የተዘጋጀ፣ መላኪያው ብቻ የቀራቸው። አራት ረቂቅ ማለት አራት ጽሑፍ ማለት አይደለም። እኔ 30 ረቂቅ አለኝ፤ ከነሱ ውስጥ ግማሹን ለምን እንደጀመርኩት ራሴም አላስታውስም።

ደንቡ ቀላል ነው። ጥሩ ሳምንት ሲመጣ አንድ ለአንባቢ፣ አንድ ለጎተራ። መጥፎ ሳምንት ሲመጣ ከጎተራ። ጎተራው ከሁለት በታች ከወረደ የድግግሞሹ ቁጥር ከአቅማችሁ በልጧል ማለት ነውና ሳይመሽ ቀንሱ። የዕለት ወሬ የምትጽፉ ከሆነ ይህ ብዙም አይሠራላችሁም። ያም ሆኖ ለክፉ ቀን ሁለት ድርቆሽ ቢኖራችሁ ምን ይላል?

ያለቀውን ጽሑፍ ቴሌግራም ላይ በቀጠሮ ማስቀመጥ ትችላላችሁ። ጽሑፉን አስገቡ፣ የመላኪያውን ቀስት ጫን ብላችሁ ያዙት፣ ቀንና ሰዓት የመምረጫው አማራጭ ይመጣል። እዚያው ያለ ድምፅ የመላኪያ አማራጭም አለ። አንድ የቴሌግራም መልእክት 4096 ፊደል ነው የሚይዘው። በአማርኛ ወደ 700 ቃል ገደማ ይሆናል። ከዚያ ከበለጠ በሁለት ቀን ክፈሉት፤ ሁለት ጽሑፍ አገኛችሁ ማለት ነው። የፌስቡክ ገጽ ያላችሁ ሜታ ቢዝነስ ስዊት ላይ ቀጠሮ ማስያዝ ይቻላል። ዎርድፕረስም አለው።

ሰዓቱ ላይ ግን ተጠንቀቁ። ስልካችን የሚያውቀው የፈረንጅ አቆጣጠር ነው። እኔ ጠዋት 1 ሰዓት እንዲወጣ ብዬ 1፡00 ላይ ቀጠርኩት። ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ወጣ። የሰው ስልክ በእኩለ ሌሊት ጮኸ፣ ስድስት ሰው ቻናሉን ለቆ ወጣ። ለጠዋቱ 1 ሰዓት 7፡00 ነው የሚገባው፣ ለምሽቱ 2 ሰዓት 20፡00። ቁጥሩን ከመንካታችሁ በፊት ስድስት ደምሩ ወይ ቀንሱ፣ ከዚያ ደግሞ ቀን ይሁን ሌሊት አረጋግጡ።

5. ቀኑን ቁረጡ

አንባቢ «በሳምንት አንዴ» የሚለውን አይዝም፤ የሚይዘው ቀን ነው። ሪፖርተር ረቡዕና እሑድ እንደሚወጣ፣ አዲስ አድማስ የቅዳሜ ጋዜጣ እንደሆነ ስንት ሰው በልማድ ያውቅ ነበር። ማንም ማስታወሻ አልያዘም። እግሩ ራሱ ወደ አዟሪው ይወስደው ነበር። እናንተም አንድ ቀንና አንድ ሰዓት ያዙ።

በወር አንዴ የምትጽፉ ከሆነ በእኛው አቆጣጠር ቁረጡት። 12 ብትሉ የሚካኤል ነው፣ 27 ብትሉ የመድኃኔዓለም። ማኅበር ያለው ሰው ቀኑን ከእናንተ ቀድሞ ያስታውሰዋል። ወሮቻችን እኩል 30 ቀን ስለሆኑ ቀኑ አይንሸራተትም። ጳጉሜን ብቻ አምስት ወይም ስድስት ቀን ናትና እሷን እለፏት።

አንባቢዎቻችሁ የት እንዳሉም አስቡ። አዲስ አበባ ምሽት 2 ሰዓት ሲሆን ሪያድም ያው ነው። ዱባይ አንድ ሰዓት ይቀድማል። ዋሽንግተን ግን በክረምታቸው እኩለ ቀን፣ በበጋቸው ከቀኑ 7 ሰዓት ይሆናል። ስለዚህ የአገር ቤቱ ሰው እራት በልቶ ሲቀመጥ የአሜሪካው ምሳ ላይ ነው። ለሁለቱም የሚመች ሰዓት ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ብታወጡት አሜሪካ ያለው አንባቢ ተኝቷል፤ ሲነሳ በሌላ መልእክት ተቀብሮ ነው የሚያገኘው።

6. ለአንባቢ ምን እንደምትሉ

ከአቅማችሁ ያነሰ ተናገሩ። አቅማችሁ በሳምንት አንድ ከሆነ «በሁለት ሳምንት አንዴ፣ ቅዳሜ ምሽት» በሉ። ትርፉን ስትጨምሩ ምርቃት ይሆናል። ነጋዴዋ ኪሎውን መዝና ጨርሳ ሁለት ቲማቲም ጣል የምታደርገው ለምን ይመስላችኋል?

7. ሁለት ወር ሞክሩትና እዩት

ስምንት ሳምንት ሳይሞላ ቁጥሩን አትንኩ። በየሁለት ሳምንቱ የምታወጡ ከሆነ ሦስት ወር ስጡት። መሃል ላይ ቀኑንም፣ ርዝመቱንም፣ ድግግሞሹንም ብትቀያይሩ የትኛው ምን እንዳመጣ አታውቁትም።

የምታዩት ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ በወጣ በ48 ሰዓት ስንት ሰው አየው? ቴሌግራም ከጽሑፉ ግርጌ ከዓይኗ ምልክት ጎን ያሳያችኋል። ሁልጊዜ በእኩል ሰዓት ቁጠሩ፤ ያለዚያ የቆየው ጽሑፍ ሁሌ የበለጠ ይመስላል። ሁለተኛ፣ ስንት ሰው ለሌላ ሰው ላከው? ሦስተኛ፣ በወጣበት ቀን ስንት አባል ለቀቀ? ላይኩን ለጊዜው እርሱት፤ ሰው ሳያነብም ይጫናል።

በሳምንት ሁለት እያወጣችሁ የሁለተኛው ተመልካች ሁልጊዜ ከመጀመሪያው በጣም የሚያንስ ከሆነ፣ አንባቢው አንዱን ሳይጨርስ ሌላ እያጎረሳችሁት ነው። ወደ አንድ ውረዱ። ሁለቱም እኩል ከታዩ፣ ጎተራው ሙሉ ከሆነና ሰዉ «ቀጣዩ መቼ ነው?» ካለ፣ አንድ ጨምሩና እንደገና ስምንት ሳምንት። ሁለት በአንዴ አትጨምሩ።

አባሎቻችሁ 80 ከሆኑ ይህ ሁሉ ቁጥር ብዙም አይነግራችሁም። የአምስት ሰው ልዩነት የቡና ወሬ ነው። ሦስት አንባቢ መርጣችሁ ደውሉ። «ጥሩ ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ የእኛ ሰው ጥሩ ነው ነው የሚለው፣ ይሉኝታ አለ። «ያለፈው ስለ ምን ነበር?» በሉት። ካስታወሰ አንብቧል። ለሦስቱም ከጠፋባቸው ወይ በዝቷል፣ ወይ ርዕሱ አልያዛቸውም። ደግነቱ ሲበዛና ሲሰለች የሚሰጡት መልስ ይለያያል፦ ሲበዛ «አላነበብኩትም፣ አስቀምጬዋለሁ» ይላሉ፤ ሲሰለቻቸው ስለ ሌላ ነገር ያወራሉ።

8. ሲያመልጣችሁ

ያመልጣችኋል። አንድ ቀን ካለፋችሁ የይቅርታ ጽሑፍ አታውጡ። የአንባቢው ስልክ ለይቅርታ አይጩህ። በሚቀጥለው ሳምንት ዕዳ ለመክፈል ሁለት አታውጡ፤ ያንን ከሞከራችሁ የሚቀጥለው የሚቀጥለውም ያመልጣል። ዝም ብላችሁ በተለመደው ቀን ተመለሱ።

ከስምንት ሳምንት ሦስቱ ካመለጡ ግን ችግሩ ስንፍና አይደለም፤ የደረጃ 2 ስሌታችሁ ተሳስቷል። መጥፎ ሳምንት ያላችሁት ያን ያህል መጥፎ አልነበረም ማለት ነው። አዲሱን ቁጥር አስገቡና ድጋሚ አካፍሉ።

ረዘም ያለ እረፍት ስትፈልጉ፣ የወሊድ፣ የፈተና፣ የሐዘን፣ የድካምም ይሁን፣ የምትመለሱበትን ቀን ጨምራችሁ በአንድ መስመር ተናገሩ። ከዚያ ቀን በፊት የሚወጣውን ጽሑፍ ጨርሳችሁ፣ በቀጠሮ አስቀምጣችሁ ሂዱ። እኔ በያመቱ ነሐሴና ጳጉሜን አልጽፍም። የዘንድሮውም መመለሻ በመስከረም ሁለተኛው ቅዳሜ ምሽት 2 ሰዓት ተቀጥሯል፤ 20፡00 መሆኑን ሦስቴ አይቻለሁ።